ናጋውን ደጅ ጨርሱት

እነዚህ ልጆች ናቸው ያስጻፉኝ። ሩቅያና ጓደኞቿ፣ ፖሊስ ጣቢያ በኔ ቦታ የተተኩት አዲሶቹ። ጡረታ ወጥቼ ቤቴ በተቀመጥኩ በሁለተኛው ሳምንት አምስት ሆነው ሙዝ ይዘው መጡና፣ «አዴ መዲና፣ ይንገሩን እንጂ። ተበዳይ አቤት ሊል ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ሥልጠና ላይ የነገሩን ሌላ፣ እርስዎ ሲያደርጉት ያየነው ሌላ» አሉኝ። አዴ ማለት እናት ነው፣ ለታላቅ ሴት።

«ብነግራችሁ ትረሱታላችሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይጻፉልን» አለች ሩቅያ፤ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ተዘጋጅታ ነው የመጣችው፣ ይህቺ ተንኮለኛ።

እኔ የትምህርት ቤት በር አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የተፈላጊ ማስታወቂያ ነው። ተ፣ ፈ፣ ላ፣ ጊ። እስከ ዛሬ «ፈ»ን ስጽፍ የአንድ ጺማም የበሬ ሌባ ፊት ይመጣብኛል። ስለዚህ ፊደሌ ከተንጋደደ ጥፋቱ የሌባው ነው። ወሬዬም መዞር ይወዳል። ታገሱኝ፣ ዞሬ እመለሳለሁ።

ጣቢያ የገባሁት በመወልወያ ነው። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሁለት ልጅ ጥሎልኝ ሲሞት የጽዳት ሥራ አለ ተባለና ሄድኩ። የዚያችን ጣቢያ ስም አልጠራም። ቆላና ደጋ በሚገናኙበት ወሰን ላይ ያለች፣ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። መዝገቡ በአማርኛ ይጻፋል፤ አቤት ባዩ የሚመጣው በኦሮምኛ ነው። እኔ ደግሞ በሁለቱም አፍ ነው ያደግኩት። እናቴ በአንዱ ትቆጣለች፣ በሌላው ታባብላለች። የትኛው በየትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ትጣላላችሁ።

አንድ ቀን ፍየሎቿን የተዘረፈች ሴት መጣች። ሳጅኑ ፊት ተቀምጣ ታወራለች፣ ታወራለች፣ እሱ አንድ ቃል አይገባውም። እኔ ወለሉን እወለውላለሁ። ሲቸግረው፣ «መዲና፣ መወልወያሽን በር ላይ አቁሚና ነይ እስቲ» አለኝ። አቆምኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ መወልወያው እዚያው በር ላይ ቆሞ ብዙ ዓመት ኖረ። ደመወዜ በመወልወያው ስም ይወጣል፣ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ቃል አመላልሳለሁ።

ሳጅን ደጉ ይባላል፣ አፈሩን ያቅልልለት። ከመንዝ በኩል የመጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኦሮምኛ ሁለት ቃል ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር። «ኮቱ»፣ ና፤ «ታኢ»፣ ተቀመጥ። እነዚህን ሁለቱን ለሌባውም፣ ለተሰረቀውም፣ ሊጎበኘን ለመጣ አለቃም እኩል ይላቸዋል። ሙያውን ያገኘሁት ከሱ ነው፤ ግን አንድም ቀን ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ሲሠራ አየሁት።

ሰው ከፊቱ ሲቀመጥ ቆቡን ያወልቃል። ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ብዕሩን ቆቡ ውስጥ ይጥላል። ተበዳዩ ነገሩን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተናግሮ እስኪጨርስ ብዕሩ ከዚያ አይወጣም። የሚጽፈው ሁለተኛ ሲናገር ነው። «አንደኛው ለሆዷ ነው፣ ሁለተኛው ለመዝገቡ» ይለኝ ነበር። ጽፎ ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። በየገጹ መጨረሻ ቀና ይልና፣ «ይህ ያንቺ ቃል ነው ወይስ የኔ ቀለም?» ብሎ ይጠይቃል። ትንሽ ካመነታች ይሰርዝና ከስረዛው አጠገብ ጣቷን ያሳትማታል። ንብረት ክፍሉ ወረቀት ፈጀህብኝ እያለ ይነዘንዘው ነበር።

ሌላም አለ። መጀመሪያ ሳስተረጉም «መታኝ ትላለች፣ ገፈተረኝ ትላለች» እል ነበር። «‹ትላለች›ን ተያት» አለኝ። «ሴትዮዋ እዚህ ተቀምጣ ነገሯን እንደ ሩቅ ሰው ወሬ አታውሪባት። ‹መታኝ› ካለች ‹መታኝ› በይ።» እሺ አልኩ። አንድ አዲስ ኮንስታብል ተመድቦ በመጣ ሰሞን በር ከፍቶ ቢገባ፣ እኔ እንባዬን እየጠረግሁ «ባሌ ራሴን በዱላ መታኝ፣ ከቤቴም አስወጣኝ» እላለሁ። ደንግጦ ወጣ። ዘበኛውን «የአዴ መዲና ባል ሞቷል አላላችሁኝም?» አለው። ዘበኛው «ሞቶም አልተዋት» ብሎ መለሰለት አሉ።

አሁን ወደ ሐዋ ልምጣ። ይህን ያህል የዞርኩት እሷን ፈርቼ ነው።

ሐዋ ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት ነበረች። የባሏ ወንድም ከመሬቱ ውጪ አላት። እምቢ ስትል ግራ እጇን በዱላ ሰበረው። እጇን በነጠላዋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጠዋት ከቤቷ የወጣች ቀትር ላይ በእግሯ ጣቢያ ደረሰች። የዚያን ቀን ሳጅን ደጉ ለሥልጠና ሄዷል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እጁ ፈጣን የሆነ ሌላ መርማሪ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረፋ በዝቶበታል።

«እንዴት ነሽ? ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

እኔ እንደ አገሩ ወግ «አካም ጅርታ? ናጋ?» ብዬ መለስኩላት።

«ናጋ፣ ገለታ ረቢ» አለች ሐዋ።

አገራችንን ለማያውቅ ልንገር። ናጋ ማለት ሰላም፣ ደህና ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ቤቱ እየነደደም ቢሆን «ናጋ?» ከተባለ «ናጋ» ነው የሚል። መጀመሪያ ረቢ ይመሰገናል፣ ክፉው ኋላ ይመጣል። መርዶ ይዞ የመጣ እንኳ ናጋ ብሎ ነው የሚገባ። ይህን ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። ግን የተናገረችውን በይ ተብዬ የለ? «ደህና ነኝ፣ ሰላም ነኝ፣ ምስጋና ለፈጣሪ» ብዬ አስተረጎምኩ። የመርማሪው ብዕር እጁ ላይ ነበር። ጻፈው።

ከዚያ ሐዋ ሁሉንም ተናገረች፣ ሁሉንም ጻፈ። ሲጨርስ ግን አላነበበላትም። «ይነበብላት» የምትል ቃል አፌ ላይ ደረሰች። ያኔ ዓይኔ በር ላይ የቆመው መወልወያዬ ላይ አረፈ። የጽዳት ሠራተኛ መርማሪን አንብብ ትላለች? ዋጥኳት። ሐዋ የደህናውን እጇን አውራ ጣት ቀለም ነክራ አተመች።

ፍርድ ቤት የተከሳሹ ጠበቃ መዝገቡን ገለጠና የመጀመሪያዋን መስመር አነበበ። «ምን እንደሆነች ስትጠየቅ ‹ደህና ነኝ፣ ሰላም ነኝ› ብላለች።» የሐኪም ወረቀት አለ ተባለ። «ወረቀቱ እጅ መሰበሩን ይናገራል፤ ሰባሪውን አይናገርም» አለ። ወደ ሐዋ ዞሮ፣ «ስትመጪ ደህና ነበርሽ። ታዲያ ይህን ክስ ማን መከረሽ? ማን ላከሽ?» አላት። ሐዋ ጥያቄው አልገባትም። ማን ይልካታል? እጇ ነው የላካት።

እኔንም አስቆሙኝ።

«ናጋ ብላለች ወይስ አላለችም?»

«ብላለች፣ ግን...»

«ናጋ ማለት ሰላም ማለት ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው፣ ግን እኮ ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ...»

«ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ሰውየው በነጻ ተሰናበተ። ሐዋ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ በቀለለኝ። ደህናውን እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ «ናጋቲ፣ አዴ» አለችኝ። ደህና ሁኚ ማለት ነው፤ ናጋ እዚያም ውስጥ አለች። ሄደች። መሬቱን ትታ ከቀዬዋ ወጣች ሲሉ ሰማሁ፤ ወዴት እንደገባች የነገረኝ አልነበረም። ያቺን «ናጋቲ» እንደ እርግማን ይዣት ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ሳጅን ደጉ ሲመለስ ነገርኩት። አይዞሽ አላለኝም፣ አልተቆጣኝም። ቆቡን አወለቀና ገልብጦ አስቀመጠው። እኔን፣ እንደ ተበዳይ። ከዳር እስከ ዳር ነገርኩት። «እንደገና» አለኝ። ሁለተኛ ነገርኩት።

«የቱ ጋ ነው የተሰበረው?» አለኝ።

«ናጋ ያለች ጊዜ።»

«ማን ጠይቋት?»

«እኛ።»

«እንግዲያው መዝገብ ፊት ሰላምታ አይጠየቅ።»

«ሰላም ሳይባባል ሰው ይናገራል? እኛ አገር? ሞቶ!» አልኩት።

አሰበ፣ አሰበና፣ «ካልሆነ ሰላምታው ደጅ ይጨረስ» አለ። አየኝ። አየሁት። የሥራ ዘመኔ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው ብል አልዋሸሁም።

ብዙ ሳይቆይ ሳጅን ደጉ ወደ ከሚሴ ተዛወረ፤ ጽፎ ለምኖ እኔንም አስዛወረኝ። በአዲሱ ጣቢያችን ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ነበር። ከተሰበረ የተማሪ ዴስክ አግዳሚ አስመታና ሥሩ አስቀመጠልኝ። አግዳሚው ጀርባውን ለመንገዱ እንዲሰጥ አደረግሁት፣ በባጃጅ የሚያልፈው ሁሉ የተቀመጠችውን ሴት ፊት እንዳያይ። ውኃ በጆግ አለ። የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይቀመጣል። ስለ ጉዳዩ አንዲት አልጠይቅም። ሰላምታ ነው። ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ጎረቤቱስ? ዝናቡስ? ማሽላው እንዴት ያዘላችሁ? እያንዳንዷን ያስመልሷታል። ሰው በሆዱ የያዘው ናጋ ልክ አለው። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ያልቃል። ሲያልቅ ዝም ይላል። ልጆቼ፣ ሙያው ያን ዝምታ መለየት ነው። ድካም ያመጣው ዝምታ አለ፣ ፍርሃት ያመጣው አለ፤ ይሄኛው ትከሻን ዝቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ «ተነሽ» እላትና ይዣት እገባለሁ። ውስጥ ያለው መርማሪ እንዴት ነሽ ማለት ተከልክሏል። «ተናገሪ፣ እሰማለሁ»፣ በቃ።

በቀላሉ አልለመደም። «ሰላምታ የማይሰጥ ፖሊስ ልታደርጉን ነው?» ያለ አለቃ ነበር። አንዱ የአገሬው ልጅ መርማሪ «እናቴ ብትሰማ ልጄ አይደለም ትላለች» እያለ ያለቅሳል። ወዲያው የገዛ አክስቱ ዶሮዎቿ ተሰርቀውባት መጣች። እኔ ጋ ጨርሳ ስትገባ እሱ ቀና ብሎ «ተናገሪ፣ እሰማለሁ» ቢላት በጃንጥላዋ ትከሻውን አለችው። ሁለት ክስ ልንከፍት ነበር የዚያን ቀን።

ከሚሴ መዝገቡ በኦሮምኛ ይጻፋል፣ ናጋም በናጋነቷ ትጻፋለች፣ ከእንግዲህ ምን ችግር አለ ያሉም ነበሩ። አንድ ጠዋት ከዳገቱ ወገን የመጣ የአርጎባ ነጋዴ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ደሙ በጆሮው ሥር እየወረደ፣ እኔን አልፎ በቀጥታ ገባ። «ምን ሆነህ ነው?» አሉት። «ኸይር ነው፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። በአማርኛ! ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ ላይ ያመካኘ የለም። የአፍ ጉዳይ መስሎን ኖሮ፣ ለካስ አደብ ነው። አደብ ያለው ሰው ቁስሉን አያስቀድምም።

ግን ደግሞ ሕግ አገኘሁ ብላችሁ አትኩሩ። ለስድስት ወር ባቲ ተልኬ ነበር። እዚያ አንዲት የአፋር ሴት ግመሎቿ ተነድተውባት መጣች። በአስተርጓሚ አድርጌ ሰላምታዋን ደጅ ጨረስኩላት፤ ረጅም ነበር፣ ደስ አለኝ፣ ይዣት ገባሁ። «ተናገሪ» ሲሏት ዝም። «ለምን?» «ተናግሬያለሁ እኮ።» ለካ አፋር ዘንድ ሰላምታው ራሱ ወሬው ነው፤ ዳጉ ይሉታል፤ ያየውንና የሰማውን በተራ፣ አንዲት ሳያስቀር፣ ከሰላምታው ጋር ያወርደዋል። ቃሏን ሁሉ አግዳሚ ላይ አስፈስሼባታለሁ! ይቅርታ ጠይቄ እንደገና አስጀመርኳት፣ አሁን ከውስጥ፣ ከነሰላምታው። የግመሎቹን ምልክት፣ ነጂዎቹ የሄዱበትን፣ የጫማቸውን ዱካ ሳይቀር እንደ ቁርኣን ተማሪ አወረደችው። ግመሎቹ ተገኙ። ስለዚህ የምነግራችሁ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሰውየው ሰላም የሚለው እንዴት እንደሆነ እወቁ።

የተሳካልንን ሁሉ ብጽፍ ይህ ደብተር አይበቃም። በሬው የተዘረፈበት አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ናጋው አልቆ አያልቅም፤ ጠዋት ተቀምጦ ለዙሁር ሶላት ተነሳን፣ ሰግደን ተመለስን፣ አሁንም የጎረቤቱን በግ ናጋ ይነግረኛል። ከሰዓት በኋላ ትከሻው ዝቅ አለ። የነገረን ነገር ሦስት ሌቦች አስያዘ። ሌላው ይቅር፤ ሙሚና ላይ ልድረስ።

ሙሚና የመጣችው የሰንበቴ ገበያ በዋለ ማግስት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጠለፋት። እሑድ ገበያው ግርግር ውስጥ አመለጠቻቸው። ወላጆቿ ሞተዋል፤ ያሳደጋት አጎቷ ነው። አጎቷ ደግሞ ገና ሳትደርስ ስልክ ደውሎ፣ «ከጠላፊው ወገን ጋር ተስማምተናል፣ ኒካሕ ይታሰራል፣ ሽማግሌ ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ልጅቷን አቆዩልኝ» ብሏል። ልጅቷ ቃሏን ካልሰጠች፣ ወይ ቃሏ ከተሰነጠቀ፣ ለአሳዳጊዋ ተሰጥታ በዚያው ቀን ወደዚያ ቤት ትመለሳለች። ያለን ጊዜ ሚኒባሱ ከሰንበቴ እስኪደርስ ነው።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደብተር የያዘች ያህል ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራለች።

«አዴ መዲና ነዎት?»

«ነኝ፣ ልጄ።»

«ሰላምታ ላደርስ ነው የመጣሁ።»

ከሰንበቴ በኩል የሚመጡ ሴቶች ብዙዎቹ እንዲህ ይሉኝ ነበር። ጥሩ አስተዳደግ ነው እያልኩ አልፈዋለሁ። ማን ነገረሽ፣ ማን ላከሽ ብዬ አንዷንም ጠይቄ አላውቅም። ያ የጠበቃው ጥያቄ ነው። ሐዋ ላይ ሲወርድ ከሰማሁት ቀን ጀምሮ አፌ ላይ እንዳይወጣ ምዬበታለሁ።

መቸኮል አለብኝ፣ መቸኮል ደግሞ አይቻልም። «ናጋ?» አልኳት። «ናጋ፣ ገለታ ረቢ።» «ትምህርቱ ናጋ?» «ናጋ።» «ጓደኞችሽ?» «ናጋ።» «የአጎትሽ ቤት?» ቆይታ፣ «ናጋ።» «ዝናቡስ?» ባጃጁ ከኋላችን ይጮሃል፣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። የጎረቤታቸው ላም ጥጃ ላይ ስንደርስ ዝም አለች። ትከሻዋ ዝቅ አለ። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሷ የምትናገር ያህል፣ «ናጋን ህንጅሩ» አለች። ናጋ የለም።

«ተነሽ» አልኳት።

ውስጥ ሳጅን ደጉ ነበር፤ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወር ቀርቶታል፣ ኦሮምኛው ከሁለት ቃል ወደ ሃያ አድጓል። መዝጋቢዋ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ብዕሯ ቆቡ ውስጥ ነው። «ተናገሪ፣ እሰማለሁ።» ሙሚና አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተናገረች። ብዕሩ ወጣ። ሁለተኛውን ጀምራ እኩል ላይ ስትደርስ በሩ ተከፈተና አጎቷ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ አጎትየው።

«ኮቱ» አለ ሳጅን ደጉ፤ ጣቱ ግን የሚያመለክተው ውጪውን ነው። «ታኢ። ደጅ አግዳሚ አለ።»

«የወንድሜን ልጅ ሰላም ልበላት እንጂ! ሰላም ማለትም ወንጀል ሆነ?» አለና ድምፁን አለሰለሰ። ያሳደጋት ሰው ድምፅ ነው፤ መዝጋቢዋን በጎን እያየ፣ ሰምታ እንድትጽፍ፣ «ሙሚና ልጄ፣ ናጋ?» አላት።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ነው። የአገራችን ልጅ ላሳደጋት ሰው፣ ሽማግሌ ቆሞ እያየ፣ ሰላምታ ካልመለሰች ምን እንደምትባል የማያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ከመለሰች ደግሞ ያቺ መስመር ትጻፋለች። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የራሴን ቃል አፏ ውስጥ ማስገባት አልችልም። የሐዋ እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ።

ሙሚና ተነሳች፤ ለታላቅ እንደሚነሳ። ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «አባ» አለችው፣ «ናጋውን ደጅ ጨርሻለሁ። እዚህ የቀረኝ ቃሌ ነው።» ተቀመጠች። ወደ መዝጋቢዋ ዞራ «ጻፊ» አለቻት።

«ምን አለች?» አለኝ ሳጅን ደጉ።

‹ትላለች›ን ተያት ብሎኝ የለ? «ናጋውን ደጅ ጨርሻለሁ» አልኩት። «እዚህ የቀረኝ ቃሌ ነው።» በገዛ አፌ ስለው፣ ወላሂ፣ የኔም ቃል ሆነ። ድምፄ ውጪ ድረስ ተሰማ ብለው ኋላ ሳቁብኝ።

አጎትየው ሊናገር ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሼህ፣ እጅጌውን ያዙት። «ልጅቷ ናጋ የለም እያለች ነው። ናጋ በሌለበት እኛ ምን ልናስታርቅ መጣን? ና ውጣ!» ይዘውት ወጡ። ደጅ አግዳሚዬ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው፤ ውኃ ሰጠኋቸው።

ቃሏ ተነበበላት። «ያንቺ ቃል ነው ወይስ የሷ ቀለም?» «የኔ ቃል ነው።» ፈረመች፤ በጣት ሳይሆን በስሟ፣ እስከ አያቷ ድረስ። ጠላፊው በሳምንቱ ተያዘ። ሙሚና ከተማ ውስጥ አክስቷ ዘንድ ገባች፣ ትምህርቷንም አላቋረጠች። ችሎት ላይ የተከሳሹ ጠበቃ መዝገቡን ሲገልጥ አየሁት። የመጀመሪያውን ገጽ አየ፣ ገለጠ፣ ተመልሶ አየ። ሰላምታ እየፈለገ መሰለኝ። የመጀመሪያዋ መስመር «ሳልፈልግ፣ በጉልበት ተወስጃለሁ» የምትል ናት። ከሷ በፊት ምንም የለም። ተፈረደበት። ከችሎት ስንወጣ የሙሚና ክፍል ተማሪዎች መንገዱን ሞልተው እልል አሉ። ሳጅን ደጉ ቆቡን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ። «ኮቱ፣ ሻይ እንጠጣ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሰላምታው ነገር የጣቢያው ሥርዓት ሆነ። የሥራ መደቤም ተስተካክሎ አስተርጓሚና የተበዳዮች አጃቢ ተባልኩ። ጡረታ ስወጣ ግን ንብረት ክፍል ክሊራንስ ሊሠራልኝ ከድሮው ጣቢያ የተላለፈውን መዝገብ ቢገልጥ፣ «መወልወያ፣ አንድ» በስሜ ተመዝግቦ ተገኘ። ገበያ ወርጄ አዲስ ገዝቼ መለስኩ። ሩቅያ በር ላይ አቆመችው። ቁርቁራው አሁንም አለ፣ አግዳሚው ተቀይሯል፤ ጀርባው ለመንገዱ እንደሆነ ነው፣ አደራ።

ደብተሩን እዚህ ላይ ልዘጋ ነበር። ለአረፋ ሙሚና ልትጠይቀኝ መጣች። ያ ችሎት ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ሰንበቴ አስተማሪ ናት፣ ልጅ አዝላለች። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ከእንግዲህ መዝገብ የለብኝም ብዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅሁትን ጠየቅኋት።

«ለመሆኑ ያኔ ወደ እኔ ማን ላከሽ?»

ገረማት። «አያውቁም? ገመድ ሻጯ ናታ። ከብት ገበያው በር ላይ ገመድ የምትሸጠው። ስሸሽ ገመዷ ሥር የደበቀችኝ፣ ሚኒባስ ያሳፈረችኝ እሷ ናት። የተበደለች ሴት መጀመሪያ እሷ ጋ ነው የምትሄደው። ‹ከሚሴ ቁርቁራው ሥር አዴ መዲና አለች፣ ናጋሽን ለሷ ጨርሺ፣ ውስጥ አንዲት እንኳ ይዘሽ እንዳትገቢ› ትለናለች። ሁላችንንም።»

«ስሟ ማነው?»

«ሐዋ። ግራ እጇ አይዘረጋም፣ ገመዱን በጥርሷ ይዛ ነው የምትፈትል።»

ሙሚና አየችኝ፤ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

«‹ሰላምታ ላደርስ ነው የመጣሁ› ያልኩዎት እኮ የሷን ነበር» አለችኝ። «አንዷን ስታሳፍር ‹የኔንም ናጋ አድርሺልኝ› ሳትል ለቃ አታውቅም።»